ጉዳዩ፦ ካፒቴን ቬርኖን ይመለከታል

ቡራዩ ውስጥ ጎረቤቱ አጥር የገፋበት፣ መብራቱ ያለ ምክንያት የተቆረጠበት፣ ወይም ልጁ በስም ስህተት ፈተና የተከለከለበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ የሺወርቅ ነበር። ሱቋ ከአንድ ፎቶ ቤትና ከአንድ ጁስ ቤት መካከል የተሰነቀረች ቆርቆሮ ቤት ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። በሩ ላይ «የሺ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ተለጥፏል። ሰው የሚመጣው ግን ለኮምፒውተሩ ሳይሆን ለማመልከቻው ነው።

የሺወርቅ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። በአዲሱ መዋቅር ውስጥ ቦታ ሳይገኝላት ሲቀር ወጣችና፣ ከግቢው ውስጥ ስትጽፍ የኖረችውን ከግቢው ውጭ መጻፍ ጀመረች። አሠራሯ የታወቀ ነው። ባለጉዳዩ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስም ሲራገምም ዝም ብላ ትሰማዋለች። ሲጨርስ መነጽሯን ታደርግና «እሺ፣ ጉዳዩ ምንድን ነው? በአንድ መስመር» ትላለች። ሰው በደሉን በአንድ መስመር መናገር ካልቻለ ቢሮ አይሰማውም ብላ ታምናለች። ሁለተኛው እምነቷ የሰው ረቂቅ አይነካም የሚለው ነው። አለቆቿ የጻፉትን ስህተት ሁሉ፣ ስህተት መሆኑን እያወቀች፣ አንድ ፊደል ሳታጎድል ገልብጣለች።

ባሏ ከሞተ፣ ልጇም ሰበታ አግብታ ከሄደች በኋላ ማታ ማታ አብራት የምትቀመጠው ጎረቤቷ ሰብለወርቅ ናት። ሁለቱ አርብ አርብ በዲሽ የሚከታተሉት አንድ የእንግሊዝኛ ተከታታይ ፊልም ነበር፤ «ከዘጠነኛው ኮከብ ወዲያ» ይባላል። ምድር ስትጠፋ ያመለጡ ሰዎች «ንጋት» በምትባል የጠፈር መርከብ ተሳፍረው አዲስ አገር ሲፈልጉ የሚያሳይ ነው። የመርከቧ አለቃ ካፒቴን ቬርኖ ይባላል፤ ግንባሩ ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ዩኒፎርሙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። የሺወርቅ እንግሊዝኛን በደቂቃ ስልሳ ቃል ትጽፈዋለች እንጂ ሲያወሩት ግማሹ ያመልጣታል። ሰብለወርቅ ደግሞ ጭራሽ አትችልም። ስለዚህ ያልገባቸውን ተመካክረው ሞሉት። በሁለት ዓመት ውስጥ ካፒቴኑ እህት እንዳለችው፣ ምግብ አብሳዩ ሰላይ እንደሆነ፣ ምድር የጠፋችውም በወንድማማቾች የውርስ ጠብ እንደሆነ ተስማሙ።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ የሺወርቅ አዲስ አበባ ለቀለም ግዢ ወርዳ ሳለ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ የካፒቴን ቬርኖን ፎቶ አየች፤ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ። ፊልሙን ተከትሎ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። ገዝታ በመዝገበ ቃላት ማንበብ ጀመረች። አሥር ገጽ ሳትደርስ እህቱ ሚስቱ መሆኗን አወቀችና ለሰብለወርቅ ሄዳ ነገረቻት።

ሰብለወርቅ ጥቂት አሰበችና መጽሐፉ ተሳስቷል አለች።

ኅዳር ላይ ከተማው ተናወጠ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ያዋሕዳል የተባለው ማስተር ፕላን ገበሬውን ከመሬቱ ሊነቅል ነው ተብሎ ተማሪው ወጣ፤ መንገዱ በድንጋይና በግንድ ተዘጋ፤ ትምህርት ቤትም ቢሮም አንድ ቀን ሲከፈት ሦስት ቀን ይዘጋ ጀመር። ቢሮ ከሌለ ማመልከቻ የለም። የሺወርቅ ሱቋን ከፍታ ትቀመጣለች፣ ጥይት ሲሰማ ትዘጋለች፣ ጸጥ ሲል መልሳ ትከፍታለች። እጇ ሥራ መፍታት አልለመደምና መጽሐፉን ወደ አማርኛ መመለስ ያዘች።

የተረጎመችበት አማርኛ የምታውቀው አማርኛ ነው። ካፒቴን ቬርኖ ለምክትሉ ትዕዛዝ ሲሰጥ «ከላይ በተጠቀሰው አቅጣጫ መሠረት መርከቧን እንድታዞሯት እናሳስባለን» ይላል። ምክትሉ መቶ አለቃ ታሊስ በሦስተኛው ምዕራፍ በተወርዋሪ ድንጋይ ተመትቶ ሲሞት የመጨረሻ ቃሉ «ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሳ ሃያ ቅጂ አባዝታ በስቴፕለር ጠረዘችና ቤት ለተዘጋባቸው ጎረቤቶች አዋሰች። በየቅጂው መጨረሻ አንድ ባዶ ገጽ ጨመረች፤ ከላዩ «የአንባቢ አስተያየት» የሚል፣ ከታቹ ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክና ፊርማ የሚጠይቅ።

ስለ መጽሐፍ አስተያየት ጽፎ የሚያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። ማመልከቻ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ያውም ከእሷው የተማረውን። ስለዚህ አስተያየቶቹ እንዲህ ሆነው መጡ። ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተቋርጦ ቤቱ የተመለሰው ሄመን «ጉዳዩ፦ መቶ አለቃ ታሊስ ወደ ሕይወት እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ» ብሎ በሦስት ነጥብ አስረድቶ ፈረመ። ጎሚስታው ሀሰኖ አንዲት መርከብ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰርቪስ ሳትገባ፣ ግሪስ ሳትቀባ ልትበር እንደማትችል ገልጾ፣ ቢያንስ አንድ ቦታ ቆማ እንድትታይ አመለከተ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነበርና አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ መርከበኞቹ በምግብ ፋንታ የሚውጡት ክኒን የጾም ይሁን የፍስክ ተጣርቶ በጽሑፍ እንዲገለጽላት ጠየቀች። አንዱ ቅጂ በዘመድ በኩል ሱሉልታ ደርሶ ሲመለስ አንድ ሯጭ መርከበኞቹ ማሽን ላይ በቀን ሁለት ሰዓት መሮጣቸው ጥሩ ቢሆንም ዳገት ስለሌለበት ዋጋ የለውም ብሎ ነበር። ሰብለወርቅ በአጭሩ «በቴሌቪዥን እንዲህ አይደለም» ብላ ፈረመች።

የሺወርቅ ሁሉንም ቀን ጽፋባቸው በአንድ ቦክስ ፋይል አስቀመጠች። ከዚያ በፊት እሷ የጻፈችውን ነገር ማንም ስለ ወደደው አንብቦት አያውቅም። ለልጇ ስልክ ደውላ አንባቢ አለኝ አለቻት።

ችግሩ የጀመረው በሁለተኛው ክፍል፣ ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ ነው። እዚያ ገጽ ላይ መርከቧ ነዳጅ ጨርሳ ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ካፒቴን ቬርኖ የዓመታት ድካሙን ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። እንግሊዝኛው ማስተር ፕላን ይለዋል። የሺወርቅ መዝገበ ቃላቱን ገለጠች፤ ማስተር ጌታ ነው፣ መምህር ነው፤ ፕላን ዕቅድ ነው። «የጌታ ዕቅድ» ብትለው ስብከት መሰለባት። «የመምህር ዕቅድ» ብትለው የትምህርት ቤት ሆነባት። በመሥሪያ ቤቷ ሳለች ቃሉን መቶ ጊዜ እንዳለ ጽፋው ነበርና እንዳለ ተወችው። «ካፒቴን ቬርኖ ማስተር ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።» ከዚያም ቀጠለች፤ ቃሉ እስከ ክፍሉ መጨረሻ ሠላሳ አንድ ጊዜ ይመጣል። ስትጽፈው ያየችው የካፒቴኑን ሰፊ ግንባር ብቻ ነበር።

ቅጂዎቹ በሳምንት ተመለሱ። ገጽ ስልሳ ሁለት በአንዳንዶቹ ላይ በእስክሪብቶ ተበስቷል። ሄመን መቶ አለቃ ታሊስ የሞተው በድንጋይ ሳይሆን ፕላኑን አስቀድሞ ስላወቀ እንደሆነ ጽፎ፣ ገለልተኛ አጣሪ እንዲቋቋም ጠየቀ። ሀሰኖ ሰውየውን ከመጀመሪያው ጠርጥሮት እንደነበር ገለጸ፤ ማስረጃው ዘጠኝ ዓመት ተጉዞ ጫማው አለመቆሸሹ ነው። ዘማሪዋ ስለ ክኒኑ ያቀረበችውን ጥያቄ ማንሳቷን፣ ከእንግዲህ የዚያን ሰው እጅ ምንም እንደማትበላ አሳወቀች። ቀድሞ ካፒቴኑን ያደነቁ ሁሉ አስተያየታቸው በስህተት የተሰጠ ስለሆነ ከፋይል እንዲወጣላቸው አመለከቱ።

የሺወርቅ ደነገጠች። ሰውየው እኮ ሊያድናቸው ነው እያለች በሱቋ በር ላይ ለሚያልፈው ሁሉ ታስረዳ ጀመር። የሚሰማት አላገኘችም። ከካፒቴኑ ጋር የቆመችው ሰብለወርቅ ብቻ ነበረች፤ የእሷም መከላከያ ካፒቴኑ በቴሌቪዥን ፕላን የሚባል ነገር ኖሮት እንደማያውቅ፣ ዝም ብሎ እንደሚሄድ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ተመትቶ ሞተ። የሺወርቅ የለቅሶውን ማስታወቂያ ጻፈች፤ እጇ ተሳስቶ የማያውቀው ሴት ሦስት ጊዜ ደገመችው። ለቀናት ስለ መጽሐፉ ማንም አላነሳም።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት፣ በጠዋቱ፣ ኦቦ ቦሩ ወደ ሱቋ መጡ። ኦቦ ቦሩ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው በኩል ጤፍ የሚዘሩ፣ ከብት የሚያረቡ፣ ከተማው እግራቸው ሥር የደረሰባቸው ሽማግሌ ናቸው። ራሳቸው አያነቡም፤ መጽሐፉን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ዱርሲቱ እያነበበች በኦሮምኛ ትነግራቸው ነበር። «አካም ቡልቴ፣ አዴ የሺ» ብለው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ፈያዳ፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ አለቻቸው። ከብቱም ልጆቹም ከተጠየቁ በኋላ ወደ ነገራቸው ገቡ።

«አስተያየት ይጻፍ ብለሻል አሉ። እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ጻፊው።»

የሺወርቅ ልማዷ ነውና መነጽሯን አድርጋ ጉዳዩን በአንድ መስመር ጠየቀቻቸው።

«ሣሩ» አሉ ኦቦ ቦሩ።

አልገባትም። እሳቸው አስረዷት። ካፒቴኑና ሰዎቹ ከመርከባቸው የወረዱባት አገር ሰው የሌለባት ባዶ ምድር ናት ይላል መጽሐፉ። ካፒቴኑም ማንንም ሳይጠይቅ ችካል ይተክላል። ነገር ግን እዚያው ገጽ ላይ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል ይላል። ዱርሲቱን ሁለት ጊዜ አስነብበዋታል፤ ሁለቱንም ጊዜ እስከ ጉልበት ነው።

«ታዲያ ሰው የለማ፣ ኦቦ ቦሩ፤ ለዚያ ነዋ ሣሩ ያደገው» አለች የሺወርቅ።

«ሣር እስከ ጉልበት ደርሶ ካልተበላ፣ ሰው ከልሎታል ማለት ነው። የተከለለ ሣር ደግሞ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ገበያ ሄዶ ይሆናል። ሰውየው ቆሞ መጠበቅ ነበረበት።»

የሺወርቅ እንግሊዝኛውን አውጥታ አየችው። ሣሩ እውነትም እስከ ጉልበት ነው። ስለ ሣሩ የጻፈው ሰው ከብት አርብቶ እንደማያውቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት።

ኦቦ ቦሩ ከኮታቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከሁለት ዓመት በፊት የደረሳቸው ደብዳቤ ነው። ለልማት ስለሚፈለገው፣ ቁጥሩ እዚህ ስለ ተጠቀሰው «ባዶ ቦታ» ይላል፤ ባዶ ቦታ የተባለው የግጦሽ ሣራቸው ነው። የሺወርቅ ደብዳቤውን እስከ ታች አነበበችው። ከማኅተሙ በስተግራ፣ ጥግ ላይ፣ የጸሐፊዋ ምልክት በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፦ የሺ።

መሥሪያ ቤቱን ከመልቀቋ በፊት ከጻፈቻቸው መካከል አንዱ ነው። ይህን ማስታወስ ሞከረችና አልቻለችም፤ በዚያን ወር እንዲህ ያለ ስንት እንደጻፈች አታውቅም።

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ኦቦ ቦሩ» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ። «ዱርሲቱ አንድም ስህተት የለበትም ብላኛለች።»

ምሬት አልነበረበትም፤ ሥራዋን እያመሰገኑ መሰላት። ለዚህም ይመስላል ያን ቀን ምሳ ያልበላችው። ስለ ሣሩ የተናገሩትን ግን ቃል በቃል ጽፋ አነበበችላቸው፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት።

ገና ሳይከርም ደግሞ ኪሩ መጣ። ኪሩ የመጣበትን መሥሪያ ቤት መጥቀስ አያስፈልግም። የሺወርቅ የቅጥር ደብዳቤውን የጻፈችለት፣ ጨዋና ፈሪ ወጣት ነው። አንድ ቅጂ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል፤ ሠላሳ አንዱም ቦታ በቀይ ተሰምሮበታል። እትዬ የሺ፣ በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ሕዝብ መካከል መበተን ለእርስዎም ለእኔም ጥሩ አይደለም አላት። ስለ ጠፈር ነው ብላ አስረዳችው። አንብቤዋለሁ፣ ስለ ጠፈር መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ አለቆቼ ግን የሚያዩት የተሰመረበትን ብቻ ነው አለ። ቃሉ ይውጣ፤ ሌላው እንዳለ ይቀመጥ።

ተቀምጠው ምትክ ፈለጉ። «የዕድገት ዕቅድ» አለች፤ ኪሩ እሱ ሌላ ነገር ነው ብሎ ከለከለ። «ካርታ» አለች፤ ይባስ ተባለ። «ራዕይ» ስትለው ወደ በሩ ዞሮ አየ። አንድ ሰዓት ከለፉ በኋላ ኪሩ ግንባሩን እየጠረገ፣ በቃ ነገርየው ይባል አለ።

የሺወርቅ ኮምፒውተሩን አዘዘችው፤ በአንድ ጊዜ ሠላሳ አንዱም ተቀየሩ። ካፒቴን ቬርኖም በአዲሱ ቅጂ ነገርየውን ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ መርከበኞቹም ነገርየውን ከበው በአድናቆት ተመለከቱት።

አዲሱ ቅጂ ከማንኛውም ክፍል የበለጠ ተነበበ። ዘማሪዋ እስከ ገጽ ስልሳ ሁለት አንብባ መለሰችው፤ በፕላኑ ምትክ የገባው ነገርየው ምን እንደሆነ ሳይገለጽ እንዲህ ባለ ሁኔታ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋቱ ለወጣቶች አርአያ አይሆንም አለች። ሀሰኖ ፕላኑ ወጥቶ መለዋወጫ ዕቃ የገባበት መሰለውና ደስ አለው፤ በመጨረሻ መርከቧ ልትሠራ ነው። ሁለቱን ቅጂ ያስተያዩት ልጆች ግን ያውቁ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ በሚኒባሱም በጁስ ቤቱም ሰው ማስተር ፕላን ማለት ትቶ ነገርየው ማለት ጀመረ። ነገርየው ምን ደረሰ? ነገርየው ይመጣል? ኪሩ ራሱ አንድ ቀን በሱቋ ሲያልፍ ስለ ነገርየው ስብሰባ ተጠርቻለሁ አላትና፣ ያለውን ሲሰማው ፊቱ ተለዋወጠ።

ጥር መጀመሪያ ላይ ማስተር ፕላኑ መቅረቱ በዜና ተነገረ። በማግስቱ ጠዋት የሺወርቅ ሱቅ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ነገርየው ቀርቷል፤ በመጽሐፉስ? ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍል ገና አልወጣም ነበር። አርባ ሦስት ሰው የፈረመበት ማመልከቻ ቀረበላት፤ «ጉዳዩ፦ ነገርየው በመጽሐፉም ውስጥ እንዲቀር ስለመጠየቅ» ይላል። ሄመን ያረቀቀው ነው፤ አጻጻፉን አይታ በልቧ ኮራችበት።

ችግሩ እንግሊዝኛው ነው። በእንግሊዝኛው ነገርየው አይቀርም። ይሳካል፤ ከተማው ይሠራል፤ ካፒቴኑ ይሸለማል። የሺወርቅ አራት ቀን አሰበችበት። አንድ መስመር ብትቀይር አርባ ሦስት ሰው ይደሰታል፤ ኦቦ ቦሩም ይደሰታሉ፤ የጻፈው ፈረንጅ መቼም ቡራዩ መጥቶ አይጠይቃት። ግን የሰው ረቂቅ ነው። ያን ደብዳቤ እንኳ አንዲት ፊደል ሳትነካ የጻፈች ሴት ይህን ልትነካ ነው? ደግሞስ ያኔ ብትነካው ኖሮ ይሻል አልነበረም? ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ነበር እንቅልፍ የከለከላት።

በመጨረሻ መጽሐፉን አልነካችውም። መጀመሪያው ገጽ ላይ ግን፣ ከምዕራፉ በፊት፣ የኦቦ ቦሩን አስተያየት ሙሉውን አስቀመጠች፤ «ጉዳዩ፦ ሣሩ» ብላ፣ ከነጣት አሻራው አባዝታ። በጽሕፈት ሥራዋ ዘመን ሁሉ ማንም ሳያዛት በሰው ረቂቅ ላይ የጨመረችው የተጻፈ ገጽ ይህ ብቻ ነው።

መጽሐፉ ብዙ ቅሬታ አመጣ። ግማሹ አንባቢ የመጨረሻውን ምዕራፍ ቀድዶ መለሰው። ሄመን ታሊስ ከሞት ተነሥቶ ካፒቴኑን ለፍርድ የሚያቀርብበት የራሱን መጨረሻ በእጁ ጽፎ ለማባዛት መጣ፤ የሺወርቅ ሦስት የፊደል ግድፈት እያየች እንዳለ አባዛችለት። ሰብለወርቅ ብቻ ረክታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፉና ቴሌቪዥኑ ተስማሙ አለች። ያን መጨረሻ በቴሌቪዥን ገና አላየችውም ነበር።

የካቲት ላይ፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ዱርሲቱ ፋታ ስላጣች፣ የሺወርቅ የመጨረሻውን ክፍል ለኦቦ ቦሩ ራሷ ልታነብላቸው ወደ ቤታቸው ሄደች። ለልማቱ ተብለው በግጦሹ ላይ የተተከሉት ችካሎች ከሣሩ መካከል ገና አልተነቀሉም፤ በአንደኛው ላይ ጥጃ ታስሯል። ኦቦ ቦሩ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀበሏት። ስለ ሣሩ የተናገሩት መጀመሪያ ላይ መኖሩን ስታነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደገና አስነበቧት። ከዚያ ወደ ምዕራፉ ገባች። ሁለት መርከቦች በእሳት የሚፋለሙበት፣ በእንግሊዝኛው አሥራ ሁለት ገጽ የፈጀው ታላቅ ጦርነት ላይ ስትደርስ፣ ቀና ብላ ብታይ ሽማግሌው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ማቆም ነበረባት። ግን አንድም ሰው ሲሰማት ጮክ ብላ አንብባው አታውቅምና ቀጠለች፤ ድምፅዋን እንኳ አልቀነሰችም። የኦቦ ቦሩ ባለቤት ወይዘሮ ድንቅቱ ወተት ይዘው ከጓሮ ብቅ ሲሉ እንግዳዋ ለተኛ ሰው ታነባለች። በሩ ላይ ተደግፈው እስክትጨርስ ጠበቋት። አማርኛው ፈጥኖባቸው ከመሀል ብዙ ሳያመልጣቸው አልቀረም፤ ወረቀቱን ስታጥፍ፣

«ለመሆኑ ያ አለቃቸው መጨረሻው ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ።

«አረፈ» አለች የሺወርቅ፤ ከጦርነቱ በኋላ መርከቧን ይዞ አዲሱ ምድር ላይ ተመልሶ ማረፉን ልትናገር ነው።

«ውይ፣ ነፍሱን ይማረው» አሉ ወይዘሮ ድንቅቱ። «ለካ እሱም ሰው ነበር።»

የሺወርቅ ልታርማቸው አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ወተቱን ተቀበለች።